ዝናብ ያደረበት መኪና

በናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። በዚሁ ወቅት ይካሄድ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር እ.ኤ.አ. በ1968 ከተሰለፉት 93 መኪናዎች ከፍጻሜ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ጭቃና ጎርፍ ብርቱውን መኪና ከመንገድ ሲያስቀሩ፣ ደጅ ያደረውን ግን እርጥበት ብቻውን ሊያስቆመው ይችላል።

ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ በኃይል እየዞረ አልነሳ ካለ ባትሪውን መውቀስ ስሕተት ነው፤ የደከመ ባትሪ ሞተሩን ማዞር ይሳነዋልና። ቁልፉን ደጋግሞ የሚያዞር ሰው ግን ደኅናውንም ባትሪ ይጨርሳል። ነዳጅ ካለ ጥፋቱ የሚፈለገው ከእሳቱ ዘንድ ነው። በቀድሞ ሥሪት መኪናዎች ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 20,000 ቮልት ገደማ ያሳድጋል፤ ይህንንም ኃይል ዲስትሪቢዩተሩ ለየካንዴላው ያድላል። በክዳኑ ውስጥ ወይም በወፍራሞቹ ሽቦዎች ላይ እርጥበት ሲያርፍ ኤሌክትሪኩ ከካንዴላው ሳይደርስ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ብረት ያልፋል።

በጨለማ ኮፈኑ ተከፍቶ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያዞር፣ በሽቦዎቹ ላይ የምትዘል ሰማያዊ ብልጭታ ስፍራውን ታጋልጣለች፤ እጅ ግን ፈጽሞ አይቀርብም። ከዚያ ቁልፉ ተዘግቶ ክዳኑና ሽቦዎቹ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላሉ። ሽቦው የተሰነጠቀ ከሆነ ማድረቁ የሚበጀው እስከሚቀጥለው ዝናብ ነው፤ መለወጥ ይኖርበታል።