የፍጥነት ቅጣት ከስቴት ስቴት ይከተላል
ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ተመራቂዎቻችንና ለወላጆቻቸው



ከትምህርት ቤታችን ጨርሰው ከወጡት ልጆች መካከል በዲቪም ሆነ በቤተሰብ በኩል ወደ አሜሪካ የሄዱ ጥቂት አይደሉም። እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ከሚያስፈልጋቸው ነገር አንዱ መንጃ ፈቃድ ነው። ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች በስተቀር ያለ መኪና ሥራም ትምህርትም መድረስ አስቸጋሪ ነው። ብዙዎች ደግሞ በታክሲ፣ ዕቃ በማድረስ ወይም በጭነት መኪና ሥራ ስለሚተዳደሩ መንጃ ፈቃዱ እንጀራቸው ነው። ልጆቻችንን ስንሸኝ ስለ ቪዛ፣ ስለ ሻንጣና ስለ ብርዱ ብዙ እንመክራለን፤ ስለ መንገዱ ሕግ ግን እምብዛም አናነሳም። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ ለይቼ ላስረዳ፤ ይኸውም ከሚኖሩበት ስቴት ውጭ ስለሚሰጥ የፍጥነት ቅጣት ነው። ከቅጣቱ ገንዘብ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ወረቀቱን ተቀብሎ ዝም ማለት መሆኑን ከወዲሁ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ።

ሕጉ የመንገዱ ነው

አሜሪካ 50 ስቴቶች አሏት። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የትራፊክ ሕግ፣ የራሱ ፍርድ ቤትና የራሱ መንጃ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት አለው። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን ነዋሪ የሆናችሁበት ስቴት ነው። ያ ፈቃድ በሌሎቹም ስቴቶች ይሠራል፤ ነጂው የሚገዛው ግን በዚያች ሰዓት በሚነዳበት ስቴት ሕግ ነው።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚያሽከረክሩ ወላጆቻችን ጋላፊ ላይ ኬላና ጉምሩክ ስለሚያገኙ አገር መለወጣቸውን ያውቃሉ። በአሜሪካ ግን ከስቴት ወደ ስቴት ሲታለፍ መንገድ ዳር ከቆመ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ከሚል ሰሌዳ በቀር የሚያስቆም የለም። ሰሌዳው ሲታለፍ ግን ሕጉ ተለውጧል።

እንበልና በዋሽንግተን አቅራቢያ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር አንድ ወጣት ለጓደኛው ሠርግ በመኪና ወደ አትላንታ ይሄዳል። መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቨርጂኒያን፣ ሰሜን ካሮላይናንና ደቡብ ካሮላይናን አቋርጦ ጆርጂያ ይገባል፤ ከራሱ ስቴት ሌላ የአራት ስቴቶች ሕግ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

በቨርጂኒያ የፍጥነት ወሰኑ ከ70 ማይል አይበልጥም፤ ይህ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የፈጠነ፣ እንዲሁም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል ያለፈ ሰው «በግዴለሽነት ማሽከርከር» በሚል ሊከሰስ ይችላል። ይህ ተራ የትራፊክ ጥፋት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። 70 ማይል በተፈቀደበት መንገድ 86 የነዳ ወጣት «በ16 ማይል ብቻ ነው ያለፍኩት» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ በቨርጂኒያ ግን የወንጀል መዝገብ ሊከፈትበት ይችላል።

በሰሜን ካሮላይና ከ55 ማይል በላይ እየነዳ ከተፈቀደው ከ15 ማይል በላይ ያለፈ ሰው ጥፋተኛ ሲባል የመንዳት መብቱ ለ30 ቀን ሊነጠቅ ይችላል። በጆርጂያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ «ሱፐር ስፒደር» የሚባል ሕግ አለ። ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ 75፣ በሌላ በማንኛውም መንገድ ላይ 85 ማይልና ከዚያ በላይ የነዳ ሰው ፍርድ ቤቱ ከሚጥልበት መቀጮ ሌላ 200 ዶላር ለስቴቱ ይከፍላል። የፍርድ ቤቱን ከፍሎ «ጨረስኩ» ያለ ሰው ይህ ሁለተኛው ክፍያ በኋላ በፖስታ ይመጣበታል። በጊዜው ካልከፈለ የመንዳት መብቱ ይታገዳል፤ ለማስመለስም ተጨማሪ ክፍያ አለው።

ወረቀቱ ቤት ድረስ እንዴት ይደርሳል?

«እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ቨርጂኒያ የት ታገኘኛለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ስቴቶቹ ባደረጓቸው ስምምነቶች ውስጥ አለ። አብዛኞቹ ስቴቶች የገቡበት የመንጃ ፈቃድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ «አንድ ነጂ፣ አንድ መንጃ ፈቃድ፣ አንድ መዝገብ» የሚል ነው። አንድ ስቴት ጥፋተኛ ያለውን ነጂ ወደ መኖሪያ ስቴቱ ያስታውቃል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1977 የመጣው፣ ነዋሪ ስላልሆኑ ጥፋተኞች የተደረገው ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት ከሌላ ስቴት የመጣ ነጂ «ይጠፋብናል» ተብሎ እዚያው ዋስትና እንዲያስይዝ ወይም ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ይደረግ ነበር። በስምምነቱ መሠረት ወረቀቱን ተቀብሎ ጉዞውን ይቀጥላል፤ መልስ ሳይሰጥ ከቀረ ግን የቀጣው ስቴት ለመኖሪያ ስቴቱ ይጽፋል፤ የመኖሪያ ስቴቱም ጉዳዩን መጨረሱን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪያመጣ ፈቃዱን ያግዳል። ከዚህም ሌላ ፈቃዳቸው የታገደባቸው ሰዎች የሚመዘገቡበት አገር አቀፍ መዝገብ ስላለ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ አዲስ ፈቃድ ማውጣት መፍትሔ አይሆንም።

ስቴቶች የሌላ ስቴት ቅጣት ሲደርሳቸው ሁሉም እኩል አይመለከቱትም። ቨርጂኒያ ነዋሪዎቿ በሌላ ስቴት ባጠፉት ላይ የጥፋት ነጥብ ትመዘግባለች። ኒውዮርክ ግን በሌሎች ስቴቶች ለተፈጸመ ተራ የፍጥነት ጥፋት ነጥብ አትቆጥርም። ይህ ማለት ግን የኒውዮርክ ነዋሪ ወረቀቱን መጣል ይችላል ማለት አይደለም፤ ነጥቡ ባይቆጠርበትም ዝምታው ፈቃዱን ያሳግደዋል።

ዝምታ ወዴት ያደርሳል?

ወጣቱ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ረሳው እንበል። የቀጠሮው ቀን ያልፋል። ፍርድ ቤቱ ለመኖሪያ ስቴቱ ይጽፋል። ስቴቱም የዕገዳ ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው የሚሄደው ግን መሥሪያ ቤቱ ወደሚያውቀው አድራሻ ነው። አዲስ ገቢ ወጣት ደግሞ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቤት ይለውጣል። ፈቃዱ መታገዱን ሳያውቅ መንዳቱን ይቀጥላል። አንድ ምሽት የኋላ መብራቱ ተቃጥሎ ፖሊስ ሲያስቆመው በታገደ ፈቃድ ሲነዳ ይገኛል፤ ይህም በብዙ ስቴቶች ወንጀል ነው። መኪናው ሊወሰድ፣ እሱም ሊታሰር ይችላል። ነገሩ ሲጀመር በገንዘብ የሚያልቅ መቀጮ ነበር።

ስለዚህ ቤት ስትለውጡ አድራሻችሁን ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ወዲያው አሳውቁ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በ10 ቀን ውስጥ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትም የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መጨረስ ጥሩ ልማድ ነው።

ፖሊስ ሲያስቆማችሁ

በእኛ ዘንድ ትራፊክ ሲያስቆም ከመኪና ወርዶ ወደ ፖሊሱ መሄድ አክብሮት ነው። በአሜሪካ ግን ይህ ፖሊሱን ያስደነግጣል፤ አደጋም አለው። በቀኝ በኩል ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከመቀመጫችሁ አትነሡ፣ እጆቻችሁን መሪው ላይ አድርጉ። ወረቀት ለማውጣት ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ተናገሩ። እዚያው መከራከር አይጠቅምም፤ የክርክር ቦታው ፍርድ ቤት ነው። ገንዘብ ለመስጠት መሞከር ደግሞ ከፍጥነቱ የከፋ ወንጀል ነው። ፈርሙ ከተባላችሁ ፈርሙ፤ ፊርማው ወረቀቱን መቀበላችሁንና ለመቅረብ ቃል መግባታችሁን እንጂ ጥፋተኛነታችሁን ማመናችሁን አያሳይም።

ወረቀቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ

አንደኛ፣ በዚያው ቀን በጥንቃቄ አንብቡት። የክሱን ስም፣ የፍርድ ቤቱን ቦታ፣ መልስ የሚሰጥበትን የመጨረሻ ቀን፣ በአካል መቅረብ ግዴታ መሆን አለመሆኑን ለዩ። ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አስቡ። በአብዛኞቹ ስቴቶች መቀጮውን በፖስታ ወይም በኢንተርኔት መክፈል «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ እንደ ማመን ይቆጠራል። ጥፋቱ ትንሽ ከሆነና መዝገባችሁ ንጹሕ ከሆነ ከፍሎ መገላገል ሊሻል ይችላል። ነገር ግን ነጥቡ ፈቃዳችሁን ወይም ሥራችሁን የሚነካ ከሆነ፣ ክሱ እንደ ቨርጂኒያው ወንጀል ከሆነ፣ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። ጠበቃው ቅጣቱ በተሰጠበት አካባቢ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ የአካባቢውን ፍርድ ቤት አሠራር ያውቃል፣ በብዙ ጉዳዮችም እናንተ ሳትጓዙ ወክሎ ሊቀርብ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አማራጮችን ጠይቁ። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች የጥንቃቄ አነዳድ ኮርስ ለወሰደ ሰው ቅጣቱን ያቀልሉለታል፤ ኮርሱ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ከመመዝገባችሁ በፊት ከፍርድ ቤቱ አረጋግጡ። ገንዘቡ ከከበደ ቀኑ ሳያልፍ በየጊዜው ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነም የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያልገባን ነገር «እሺ» ብሎ መውጣት አያስፈልግም።

አራተኛ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የፍርድ ቤቱን ወረቀት ጠብቁ። በተረፈ «ያልተከፈለ ቅጣት አለብዎ» እያሉ በስልክ መልእክት ሊንክ የሚልኩ አጭበርባሪዎች በዝተዋል። ክፍያ የሚፈጸመው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው የፍርድ ቤት አድራሻ ብቻ ነው።

በካሜራ የሚመጣ ቅጣት ከዚህ ይለያል። ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ የካሜራ ቅጣት የሚጻፈው በመኪናው ባለቤት ስም ሲሆን ነጥብ የለውም። ሆኖም ሁለትና ከዚያ በላይ ያልተከፈሉ ቅጣቶች ያሉበት መኪና ከተማው ውስጥ ቆሞ ሲገኝ ጎማው ሊታሰር ይችላል። የሰው መኪና ተውሳችሁ ከነዳችሁ ወረቀቱ የሚደርሰው አበዳሪያችሁ ዘንድ ነው፤ የኪራይ መኪና ከሆነ ደግሞ አከራዩ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ከካርዳችሁ ሊቆርጥ ይችላል።

ከመቀጮው በኋላ የሚመጣው

የጥፋት መዝገብ ያለበት ሰው ኢንሹራንሱ ይወደዳል፤ ጭማሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቀጮው ሊበልጥ ይችላል። በቨርጂኒያ በግዴለሽነት ማሽከርከር በነጂው መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል።

ለጭነት መኪና ነጂዎች ሕጉ ይጠብቃል። ከተፈቀደው በ15 ማይል ወይም ከዚያ በላይ መፍጠን «ከባድ ጥፋት» ነው፤ በጭነት መኪና ሲነዳ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከባድ ጥፋት የተገኘበት ሰው ለ60 ቀን፣ ሦስት ከተገኘበት ለ120 ቀን ከሥራው ይታገዳል። ጥፋተኛ ሲባልም በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ ጥፋቱ በግል መኪናው ቢሆን እንኳ።

የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻም በፖሊስ ተይዞ ወይም ተከሶ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄ አለው። ተራ የፍጥነት መቀጮ ብቻውን ዜግነት አያስከለክልም። እውነቱን አለመናገር ግን ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል፤ ደረሰኙን ጠብቁ ያልኩትም ስለዚህ ነው። ክሱ ወንጀል ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ ከማለት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃንም ማማከር ይገባል።

ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን

ሕጉ እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። 55 ማይል የሚሄድ መኪና ወደ 75 ሲጨምር ፍጥነቱ በሲሶ ገደማ ብቻ ጨመረ፤ በግጭት ጊዜ የሚያወጣው ጉልበት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ትርፉን ደግሞ አስሉት። 100 ማይል መንገድ በ70 ማይል ፍጥነት 86 ደቂቃ ያህል፣ በ85 ማይል 71 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የሚተርፈው 15 ደቂቃ ነው።

ለወላጆች አንድ ቃል

ልጃችሁ ከአሜሪካ ደውሎ «ፖሊስ ቀጣኝ» ቢላችሁ ቁጣውን አቆዩት፤ የተቆጣነው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ አይነግረንም። «ተወው፣ ሌላ ስቴት ነው» ብላችሁም አታጽናኑት። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ክሱ ምን ይላል? የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? ምን መልስ ሰጠህ? እነዚህን ሦስቱን በጊዜው የመለሰ ልጅ ጉዳዩን ይጨርሰዋል።

ለዘንድሮ ተመራቂዎቻችን መልካም መንገድ ይሁንላችሁ። በደረሳችሁበት ሁሉ የምትነዱበትን መንገድ ሕግ አስቀድማችሁ አንብቡ።