«አይፈራም ጋሜ» በስፓኒሽ

ሰሞኑን ወረታ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ «ለመሆኑ እኛ አገር የሳልሳ ዘፋኝ የለም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ሳልሳ ከኩባ ዘፈኖች ተነስቶ በኒውዮርክ የዳበረ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ወደ ምዕራብ አፍሪካ የኩባ ሸክላዎች ከ1930ዎቹ ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመርከብ ይገቡ ነበር። ስለዚህም በጋምቢያ ተወልዶ ዳካር ላይ ስም ያተረፈው ላባ ሶሴ (1943-2007) በስፓኒሽ ሲዘፍን አድማጩ እንግዳ አልሆነበትም። በእኛ አገር የእሱ ዓይነት ዘፋኝ አላውቅም። አንድ ዘፈን ግን አለን።

ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ ተምሮ በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞችን ቀረጸ። ቫይብራፎኑን በፒያኖና በኮንጋ ከበሮ አጀበው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ያለ ድምፃዊ የተሠሩ ናቸው። ያ አንዱ «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» ሲሆን፣ የተዘፈነው በስፓኒሽ ነው!

ጋሜ የልጅነት የፀጉር ቁርጥ ነው፤ ልጁም በዚያው ይጠራል። እኛም በልጅነታችን ከፎገራ ሜዳ ከብት ስንመልስ ዱላችንን እየሰበቅን እንለው ነበር።

ታዲያ እንዴት ከኩባ ምት ጋር ተስማማ? በእኛ የሆታ ዘፈን አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ያንኑ አጭር ስንኝ እየደጋገመ ይቀበላል። የኩባ ዘፈንም ሲሞቅ እንዲሁ ነው፤ መሪው ግጥም ይፈጥራል፣ አጃቢዎቹ በአንድ ቃል ይመልሳሉ። ያም ልማድ ወደ ኩባ የተሻገረው በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር ነው።

የፎገራ ሰው ነገሩን በሩዝ ይረዳዋል። ሩዝ እንግዳ እህል ነበር፤ ከጤፍ ደባልቀን እንጀራ አደረግነው። እህሉ የሰው፣ ምጣዱ የእኛ። በ1966ቱ ዘፈን ግን እህሉ የእኛ፣ ምጣዱ የሰው ነበር። ሙላቱ በኋላ ኢትዮ ጃዝ ብሎ ባሳደገው ሥራ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን መሠረት አድርጎ ኮንጋውንና ቫይብራፎኑን ለእነሱ አስገዛ።

እኔን የሚያሳስበኝ እህሉ ነው። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ «አይፈራም ጋሜን» እንዲያነሳልን ብጠይቀው አያውቀውም። አራት አምስት ሆነን በጭብጨባ ጀመርነው፤ ተቀባይ ግን አጣን።