ሌላው የጀመረውን መጨረስ፦ የኩዊልት ስፌት ሙያና አማናው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ የእጅ ሙያ እንነጋገራለን። ሙያው ለብዙዎቻችን በስሙ እንግዳ ነው፤ በነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ «ኩዊልት» የሚባል የተደራረበ የአልጋ ልብስ አለ። ይህን ልብስ ለራስና ለሌላ ሰው በትልቅ መኪና ሰፍቶ የመጨረስ ሥራ በዚያ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ ልጆችን እያሳደጉ ሊሠራ ስለሚችል፣ በዚያ የሚኖሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችንም ቢያስቡበት የሚደንቅ አይሆንም። ታዲያ ሙያው ምንድን ነው? እንዴት ይማሩታል? የሌላውን ሰው ጨርቅ የተቀበለ ባለሙያስ ምን ኃላፊነት አለበት? ኢንሻአላህ በየተራ እንመለከታለን።

ድሪቶና ኩዊልት

በእኛ አገር «ድሪቶ» የሚለው ቃል ሲነሳ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ድህነት ነው። ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ላይ የተጣፈ፣ ሌላ ያጣ ሰው የሚለብሰው ነገር አድርገን እናየዋለን። ይሁን እንጂ መጣፍ በራሱ ነውር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን በገዛ እጃቸው ይሰፉ እንደነበር ተላልፎልናል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) የተጣፈ ልብስ ለብሰው ሕዝብ ፊት ይቆሙ እንደነበርም የታወቀ ነው።

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ወንዝ በሦስት ጎን የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በባርነት ከተገዙ ጥቁሮች የተወለዱ ናቸው። የመንደሯ ሴቶች ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ቁርጥራጭ እየቀጣጠሉ፣ ልጆቻቸው ብርድ እንዳይመታቸው ኩዊልት ይሰፉ ነበር። ከችግር የተነሳ የተሠራው ያ ልብስ እ.ኤ.አ በ2002 በሂዩስተንና በኒውዮርክ ሙዚየሞች ለሕዝብ ታየ። እ.ኤ.አ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አተመው። ድሪቶ ያልነው ነገር በባለሙያ እጅ ሲያልፍ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስቱ ንጣፎች

ኩዊልት በቀላል አነጋገር ሦስት ነገር ተደራርቦ አንድ ላይ የተሰፋ ልብስ ነው። ላይኛው ከብዙ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተቀጣጠለው ፊት ነው። ከሥሩ እንደ ባዘቶ ያለ የጥጥ፣ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ንጣፍ ይገባል። ከታች ገበሩ አለ። ሦስቱን የሚያያይዛቸው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ስፌት ነው። በመጨረሻም ዙሪያው በጨርቅ ይዘመዘማል።

ይህ ስፌት ለጌጥ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አይደለም። ስፌቱ ከመጠን በላይ ከተራራቀ ልብሱ ሲታጠብ ባዘቶው ቦታውን ይለቃል፤ አንድ ጥግ ላይ ይጠቀለልና ሌላው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ፊቱን የሠራችው ሴት አንድ ዓመት ብትደክምም፣ ድካሟ የሚጸናው ወይም የሚበላሸው በመጨረሻው ስፌት ነው።

ጥንት ይህ ሥራ በእጅ ነበር። የአሜሪካ ገጠር ሴቶች ጨርቁን በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ወጥረው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው፣ ልክ እንደ እኛ ደቦ ተረዳድተው ይሰፉት ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ከያዘው ወራት ይፈጃል። መኪና ሲመጣ ብዙዎች «በመኪና የተሰፋ ኩዊልት አይባልም» እያሉ ይንቁት ነበር። እ.ኤ.አ በ1989 ግን በኬንታኪ ግዛት በፓዱካ ከተማ በተካሄደው ትልቅ ውድድር በመኪና የተሰፋ ኩዊልት አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እየረገበ ሄደ።

ባለ ረጅም ክንዱ መኪና

የስፌት መኪና ለእኛ አዲስ አይደለም። በሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ተሰልፈው የሚሠሩበት መንገድ «መኪና ግርግር» የተባለው ከመኪናዎቹ ድምፅ የተነሳ ነው። አሁን የምንነግራችሁ መኪና ግን አሠራሩ ይለያል።

በተለመደው የስፌት መኪና ላይ መኪናው ይቆማል፤ ጨርቁ ይሄዳል። በመርፌውና በመኪናው አካል መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን ባለ ባዘቶ ልብስ ጠቅልሎ በዚያች ጠባብ ክፍተት ማሳለፍ ትከሻንና ወገብን ይፈትናል። «ሎንግ አርም» ወይም ባለ ረጅም ክንድ በሚባለው መኪና ነገሩ ይገለበጣል። ጨርቁ ይቆማል፤ መኪናው ይሄዳል። ክፍተቱ ከ45 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። መኪናው በትናንሽ ጎማዎች በሐዲድ ላይ ስለተቀመጠ፣ ባለሙያው እጀታውን ይዞ ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ይገፋዋል። በወረቀት ላይ በእርሳስ እንደመጻፍ ነው፤ እርሳሱ ግን መኪናው ነው።

ጨርቁ የሚወጠረው ሦስት ወይም አራት ሜትር በሚረዝም ማዕቀፍ ላይ ነው። ገበሩ በሁለት ዘንጎች ላይ ይጠቀለላል፤ ባዘቶውና ፊቱ ከላዩ ይነጠፋሉ። ሸማኔ የሠራውን እየጠቀለለ ያልተሠራውን ወደ ፊቱ እንደሚያመጣ ሁሉ፣ እዚህም የተሰፋው እየተጠቀለለ ያልተሰፋው ይመጣል። በቤት መኪና ሲሠራ ሦስቱን ንጣፎች አስቀድሞ መወስወስ ያስፈልግ ነበር። እዚህ ማዕቀፉ ራሱ ወጥሮ ስለሚይዛቸው ያ ድካም ይቀራል።

በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ የስፌቱን እርምጃ የሚቆጣጠር መሣሪያ አለ። እጅ ሲፈጥን መርፌው ይፈጥናል፤ እጅ ሲዘገይ መርፌው ይዘገያል። በዚህም ለአንድ ኢንች 10 ወይም 12 ስፌት ተብሎ የተሞላው ልክ ሳይዛነፍ ይሄዳል። ኮምፒዩተር ተገጥሞላቸው ንድፉን በራሳቸው የሚሰፉም አሉ። ነገር ግን መሣሪያው የስፌቱን ርዝመት ይጠብቃል እንጂ ጨርቁ በትክክል መወጠሩን፣ ክሩ መስማማቱን፣ ንድፉ ከልብሱ ጋር መሄዱን አይጠብቅም። ይህ የሰው ሥራ ነው።

እንዴት ይማሩታል?

አንደኛ፣ ትምህርቱ የሚጀምረው በእርሳስና በወረቀት ነው። እርሳሱን ሳያነሱ፣ መስመሩን ሳያቋርጡ፣ ወረቀቱን በጥምዝምዝ መሙላት። እጅ መንገዱን ካላወቀ መኪናው አያውቅለትም። ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ የጀመረ ሰው መሐል ላይ መውጫ አጥቶ ይቆማል፤ የቆመበትም ቦታ ለዘላለም ይታያል።

ሁለተኛ፣ መለማመጃው ርካሽ አቡጀዴ ይሁን። ክሩም ከጨርቁ በቀለም ይለይ። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ስህተትን ይደብቃል፤ ተማሪ ግን ስህተቱን ማየት አለበት።

ሦስተኛ፣ የክሩን ውጥረት ማወቅ ነው። ብዙ ተማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ክርና ከቦቢን የሚመጣው የታችኛው ክር መገናኘት ያለባቸው በንጣፉ መሐል ነው። የታችኛው ክር ነጠብጣብ ሆኖ ፊት ላይ ብቅ ካለ፣ የላይኛው እጅግ ተወጥሯል ወይም የታችኛው ላልቷል። የላይኛው ክር ገበሩ ላይ ከታየ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ክር፣ መርፌ ወይም ባዘቶ በተለወጠ ቁጥር ከዋናው ልብስ ውጪ በተረፈው ዳር ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ጎንበስ ብሎ ገበሩን ማየትንም ልማድ ማድረግ ይገባል፤ ከላይ ያማረው ከታች የተዘበራረቀ ሊሆን ይችላልና።

አራተኛ፣ መኪናውን መንከባከብ ነው። የባዘቶ ብናኝ በቦቢኑ አካባቢ ይከማቻል። ብናኙን መጥረግ፣ አምራቹ በሚያዘው መሠረት ዘይት ማጠጣት፣ መርፌ ሳይደንዝ መለወጥ የዕለት ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ለገዛ ቤት መጨረስ ነው። ለልጅ፣ ለእንግዳ አልጋ፣ ወይም ለተቸገረ ሰው በሰደቃ የሚሰጥ ይሁን። ከዚያ ልብሱ ይለበስ፣ ይታጠብ። የጥጥ ባዘቶ ሲታጠብ እንደሚሰበሰብ፣ ደማቅ ጨርቅ ቀለም ሊለቅ እንደሚችል፣ ደካማ ስፌት የት እንደሚፈታ የሚያስተምረው እጥበት ነው። ይህን በራሱ ልብስ ላይ ያላየ ሰው በሰው ልብስ ላይ ሊያየው አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር እንበል። የእነዚህ መኪናዎች ዋጋ ከጥቂት ሺህ ዶላር ተነስቶ ወደ አሥር ሺዎች ይወጣል። በአሜሪካ ብዙ የኩዊልት ሱቆች አስተምረው መኪናውን በሰዓት ያከራያሉ። ሙያውን በኪራይ መኪና ተምሮ፣ ሥራው መኖሩን አይቶ መግዛት የብልህ ሰው መንገድ ነው። እጅ ሳይሰላ በወለድ ብድር መኪና ገዝቶ ቤት ውስጥ ማቆም ግን በዱንያም በአኺራም ሸክም ነው።

የሰው ጨርቅ ሲመጣ

ውድ አድማጮቻችን፣ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ወደ ባለሙያው የሚመጣው ጨርቅ ከሱቅ የተገዛ ጣቃ አይደለም። አንዳንዷ የሁለት ዓመት ምሽቷን ያሳለፈችበትን ታመጣለች። ሌላዋ እናቷ ፊቱን ቀጥላ ሳትጨርሰው የሞተችበትን ከሣጥን አውጥታ ታመጣለች። በባዘቶ ላይ በጥብቅ የተሰፋ ስፌት ሲፈታ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል፤ ያረጀ ጨርቅም ይተረተራል። የሟች እጅ የቀጠለውን ዳግመኛ የሚቀጥል የለም። ስለዚህ ጨርቁ በባለሙያው እጅ አማና ነው።

አማናው የሚጀምረው በውል ነው። በሸሪዓችን ሥራውም ክፍያውም ሳይታወቅ ሰውን ማሠራት ወይም መሥራት የጠብ በር ነው። በአሜሪካ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ኢንች ነው። 60 ኢንች በ80 ኢንች የሆነ ኩዊልት 4,800 ካሬ ኢንች ይሆናል። ለአንድ ካሬ ኢንች 2 ሳንቲም ቢስማሙ 96 ዶላር፣ 3 ሳንቲም ቢስማሙ 144 ዶላር ማለት ነው። ባዘቶው፣ ክሩና ዝምዝማቱ በዚህ ውስጥ ይገባል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ንድፉ የትኛው ነው? መቼ ይደርሳል? ይህ ሁሉ መርፌው ጨርቁን ሳይነካ በጽሑፍ ይስፈር።

ቀጥሎ ጨርቁን ባለቤቱ ፊት መለካትና መመርመር ነው። ገበሩ በየጎኑ ከፊቱ ቢያንስ በ10 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ካልበለጠ በማዕቀፉ ላይ መወጠር አይመችም። የተፈታ ስፌት፣ የቆሸሸ ቦታ፣ የሞገደ ዳር ካለ ያኔውኑ ይነገር። ከመጀመሩ በፊት የተነገረ ጉድለት ምክር ነው፤ ከጨረሱ በኋላ የተነገረ ጉድለት ግን ማመካኛ ይመስላል። ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ ከመጣም «ይህን ገና አልቻልኩም» ማለት ሙያን አያዋርድም።

ሊቃውንቶቻችን ስለ ልብስ ሰፊና ስለ ልብስ አጣቢ ኃላፊነት በሰፊው ተነጋግረዋል። የብዙ ሰው ሥራ የሚቀበለውን ባለሙያ «አጂር ሙሽተረክ» ይሉታል። በሐነፊ መዝሀብ ባለሙያው በገዛ እጁ ሥራ ያበላሸውን ይተካል። ያለ እጁ የጠፋውን በተመለከተ ኢማም አቡ ሐኒፋ «አማና ስለሆነ አይጠየቅም» የሚል አቋም ነበራቸው። ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ሊከላከለው የማይችለው አደጋ ካልሆነ በስተቀር ይጠየቃል ብለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ንብረት በቸልተኝነት እንዳይጠፋ ነው።

ትራፊውስ? ከገበሩና ከባዘቶው ተቆርጦ የሚቀረው ለማን ነው? ባለቤቱ ያመጣው ከሆነ የባለቤቱ ነው። አነስተኛ መስሎ ቢታይም ያለ ፈቃድ ማስቀረት አይገባም። ጠቅልሎ ከልብሱ ጋር መመለስ፣ «አልፈልገውም» ከተባለ ደግሞ ማመስገን ነው። ከሟች ቤት የመጣ ጨርቅ ሲሆን ሌላም ነገር አለ፤ ጨርቁ ከውርስ ንብረት ይቆጠራልና፣ ያመጣው ሰው የሌሎቹን ወራሾች ፈቃድ መያዙን በትህትና መጠየቅ መልካም ነው።

ደንበኛውም ግዴታ አለበት። ሥራው በስምምነቱ መሠረት ከተጠናቀቀ ክፍያውን ማዘግየት በደል ነው። «ዘመድ ነን» እያሉ ዋጋ ማስቀነስም የእህትን ትከሻና ዓይን በነፃ መውሰድ እንደሆነ እናስብ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ይህን ሙያ መማር የሚፈልግ ሁሉ ጊዜ ወስዶ በገዛ ጨርቁ ይማር፤ እጁ ሲያምነው የሰው ጨርቅ ይቀበል። ሰፍቶ ሲጨርስም ልብሱን ገልብጦ ገበሩን ይመልከት፤ ደንበኛው ላያየው ይችላል፣ አላህ (ሱ.ወ) ግን ያየዋል። አላህ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን፤ የተሰጠንን አማና ከምንጠብቅ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።