አህዮቹ በረሩ፤ ከዚያስ?

የሄላስ ቬሮና ደጋፊዎች ጎረቤታቸውን ኪዬቮን ማብሸቅ ሲፈልጉ የሚሏት ነገር ነበረች። እነዚያ ሴሪ አ የሚገቡት አህያ ክንፍ አውጥታ ስትበር ነው ይሉ ነበር። የኛ ሰው ቢሆን «ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል» ነበር የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኪዬቮ ሴሪ አ ገባ። ደጋፊዎቹም ስድቡን ተቀብለው መጠሪያ አደረጉት፤ «በራሪዎቹ አህዮች» ተባሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2021 ክረምት፣ ያው ክለብ ከፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተሰረዘ። ያስወጣው ደግሞ በሜዳ ያሸነፈው ቡድን ሳይሆን የግብር ዕዳው ነው።

(ስሙን እኛ ዘንድ «ቼቮ» የሚለው ብዙ ነው። ጣሊያኖቹ የሚጠሩት ኪዬቮ ብለው ነው፤ እኛም በዚሁ እንቀጥል።)

ጣሊያን ውስጥ ከእያንዳንዱ ትልቅ ክለብ ጀርባ ከተማ አለ። ከኪዬቮ ጀርባ ያለው ግን ሰፈር ነው። ቬሮና ከተማ ጠርዝ ላይ፣ አዲጄ ወንዝ ዳር ያለ፣ አምስት ሺህ ሰው የማይሞላው ሰፈር። ጫግኒ ከእሱ ጋር ስትተያይ ትልቅ ከተማ ናት። እስቲ አስቡት፤ ከጫግኒ አንድ ቀበሌ የተነሳ ቡድን የአዊ ዞንን ውድድር አልፎ፣ ከፍተኛ ሊግ ደርሶ፣ ከዚያም በፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ ጊዮርጊስንና ቡናን ቁልቁል ሲያያቸው! ጣሊያኖቹ በዚያ ዓመት ያዩት ይህንኑ ነው።

ኪዬቮ በ1929 ሲቋቋም ሠራተኛው ከሥራ በኋላ የሚዝናናበት ማኅበር ነበር። ለአሥርት ዓመታት በአካባቢ ውድድር ሲንከላወስ ቆይቶ ዕድሉ የተቃናው ሉዊጂ ካምፔዴሊ የሚባል ነጋዴ ሲይዘው ነው። ሰውየው ፓንዶሮ የተባለውን የገና ኬክ የሚጋግረው የፓሉዋኒ ፋብሪካ ባለቤት ነው። በ1989 ሴሪ ሲ1 ደረሱ። በ1992 አባት ሲሞት ልጁ ሉካ ፋብሪካውንም ክለቡንም ተረከበ፤ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። በ1994 በአልቤርቶ ማሌዛኒ አሰልጣኝነት ሴሪ ቢ፣ በ2001 በሉዊጂ ዴልኔሪ ሴሪ አ።

ያ ቡድን ኮከብ አልነበረውም። ሌላ ክለብ የጣላቸውን ሰብስቦ የተሠራ ነው። አማካዩ ላይ ኮሪኒና ፔሮታ፣ ግራና ቀኝ ክንፍ ላይ እንደ ንፋስ የሚሮጡት ማንፍሬዲኒና ኤሪቤርቶ፣ ፊት ላይ ኮራዲና ማራዚና። ዴልኔሪ ተከላካዮቹን እስከ ሜዳው አጋማሽ ድረስ ገፍቶ በኦፍሳይድ ወጥመድ ይጫወት ነበር። ይህን በትልልቆቹ ላይ ማድረግ ድፍረት ነው። የመጀመሪያውን የሴሪ አ ጨዋታ ፍሎረንስ ሄደው ፊዮረንቲናን 2ለ0 አሸነፉ፤ ሳን ሲሮ ላይ ኢንተርን 2ለ1 ረቱ። በመኸሩ ለሳምንታት ሊጉን መሩ።

ኅዳር 18 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) የቬሮና ሁለቱ ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ በሴሪ አ ተገናኙ። ኪዬቮ 2ለ0 መርቶ 3ለ2 ተሸነፈ። የሄላስ አሰልጣኝ ማን ነበር? ያው ማሌዛኒ! ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ደጋፊው ሮጦ እንደ እብድ ሲጨፍር የታየበት ምስል እስካሁን ይነሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሄላስ ወረደ፤ ኪዬቮ አምስተኛ ሆኖ የዩኤፋ ዋንጫ ቦታ ያዘ።

ሁሉም ደስታ አልነበረም። ኮንጓዊው ጄሰን ማዬሌ በመጋቢት 2002 ከቡድኑ ጋር ለመቀላቀል ሲነዳ በመኪና አደጋ ሞተ። 30 ቁጥር ማሊያው ከዚያ በኋላ ለማንም አልተሰጠም። ኤሪቤርቶም በዚያው ዓመት ጉድ አፈነዳ፤ ስሜ ኤሪቤርቶ ሳይሆን ሉቺያኖ ነው፣ ዕድሜዬም በአራት ዓመት ይበልጣል ብሎ ራሱ ተናዘዘ። የዕድሜ ነገር የኛ ብቻ ችግር የሚመስለው ካለ ይህን ይያዝለት።

በ2006 የካልቾፖሊ ቅሌት ትልልቆቹን ሲቀጣ ኪዬቮ ሳያስበው አራተኛ ሆኖ የቻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ደረሰው። ሌቭስኪ ሶፊያ ግን አስቀረው። በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ ወረደ፤ በዓመቱ የሴሪ ቢ ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰና 11 ተከታታይ ዓመት ሴሪ አ ቆየ። ለሰፈር ቡድን ይህ ከ2001ዱ ተአምር አያንስም።

እዚያ ለመቆየት ግን ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የኬክ ፋብሪካ ኪስ ደግሞ የት ድረስ ይዘልቃል? ከቼዜና ጋር የተሠራው ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ለምሳሌ ብዙም ዋጋ የሌለውን አንድ ታዳጊ በሦስት ሚሊዮን ዩሮ ትሸጥልኛለህ፣ እኔም የኔን በሦስት ሚሊዮን እሸጥልሃለሁ። ከባንክ አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ በሁለታችንም መዝገብ ላይ ግን ትርፍ ተጽፏል። በ2018 ተደረሰባቸው። ቼዜና በዚያው ክረምት ከሰረ፤ ኪዬቮ ሦስት ነጥብ ተቀነሰበትና በ2019 መጨረሻ ሆኖ ወረደ።

ሁለት ዓመት ሴሪ ቢ ተጫወተ። በሐምሌ 2021 ፌዴሬሽኑ ባልተከፈለ ግብር ምክንያት ፈቃድ ከለከለው። ክለቡ ዕዳውን ቀስ በቀስ ልከፍል ተስማምቼ ነበር፣ ያደናቀፈኝ ኮቪድ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ይግባኙ ሁሉ ወደቀ። ቦታው ለኮዜንዛ ተሰጠ። በ2022 ደግሞ ፓሉዋኒ ራሱ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

ይህ ለኛ እንግዳ ነው? የድሬዳዋው ኮተን፣ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ባለው ጊዜ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ አክራ ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በማሊው ስታድ ማሊየን 3ለ1 ነው የወደቀው። በ1983 አምስተኛውን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የድሬን ስም በፕሪሚየር ሊጉ ያስጠራው የከተማው ቡድን ነው። ወደኛው ክልል ስንመጣ ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ወረደ። ጎንደርን ሜዳ አልባ ያላደረጋት በዚያው ዓመት ያደገው ፋሲል ከነማ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮንም ሆነ። ንግድ ባንክ ደግሞ ቡድኑን ዘግቶ፣ ኋላ እንደገና አቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን አነሳ። ቡድን በቢሮ ውሳኔ ሲዘጋና ሲከፈት ደጋፊው ምን ይበል? ማንም አይጠይቀውም።

ኪዬቮ ላይ የጠየቀ ሰው ተገኘ። ሰርጂዮ ፔሊሲየር ይባላል። በ2009 ቱሪን ላይ ጁቬንቱስን በሦስት ጎል ቀጥቶ 3ለ3 ያስወጣው አጥቂ ነው። ከመቶ በላይ የሴሪ አ ጎል አግብቶ በ2019 ጫማውን የሰቀለውም እዚያው ነው። ክለቡ በተሰረዘ ማግስት አዲስ ቡድን አቋቋመ። በኪዬቮ ስም መጠቀም ስለተከለከለ «ክሊቬንሴ» አለው፤ የኪዬቮ ሰው እንደማለት ነው። የጀመሩት ከመጨረሻው እርከን፣ ከዘጠነኛው ነው። ደጋፊው አክሲዮን ገዛ። በ2023 ሴሪ ዲ ደረሱ።

በግንቦት 2024 የከሰረው ክለብ ስምና አርማ ለጨረታ ቀረበ። ፔሊሲየርና ጓደኞቹ ተጫርተው አሸነፉ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ቢጫና ሰማያዊው ማሊያ በጥንት ስሙ ሴሪ ዲ ሜዳ ገባ። ሄላስ በዚያ ዓመት ሴሪ አ ነበር፤ በመካከላቸው የሦስት እርከን ልዩነት ነበር።