መድን ከአደጋ በፊት ይጀምራል

መድን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን መኪና ያለው ሰው ነው። ጠዋት ከኮተቤ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥታ በታክሲና በአውቶቡስ ተጋፍታ ሥራ ቦታዋ የምትደርስ እናት፣ ስለ መድን ሲወራ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብላ ብታልፈው አይፈረድባትም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በአገራችን ማንኛውም በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ባለሞተር ተሽከርካሪ እንዲኖረው ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን፣ በመጀመሪያ የታሰበው ለባለመኪናው ሳይሆን በመንገዱ ለሚያልፈው ሰው ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ መንገድ ዳር ጉሊት የዘረጋችው ሴት፣ ከሾላ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ የምትሻገረው እናት፣ ሁሉም በዚህ ሕግ የሚታሰቡ ሦስተኛ ወገኖች ናቸው። መብቱ መኖሩን አለማወቅ ግን መብቱ እንደሌለ ያህል ይጎዳል።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ልምድ ያላቸው የመድን ወኪሎች ለደንበኞቻቸው አዘውትረው ከሚሰጧቸው ምክሮች መካከል፣ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይበልጥ የሚጠቅሙትን መርጠን እናቀርባለን።

የመድን ሥራ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ወደ መንግሥት ይዞታ ከተዛወሩ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ደግሞ የግል ኩባንያዎች በሥራው እንዲሰማሩ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ እግረኛውን የሚመለከተው የሦስተኛ ወገን መድን አስገዳጅ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ሲሆን፣ ይኸው አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

ከመገናኛ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር እየተነሣ መሄዱ ይሰማዋል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በዕረፍት ቀን ልጆችን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ለብዙ ቤተሰብ የተለመደ ሆኗል። ወደ ላይ ሲወጡ መኪናው ያቃስት ይሆናል፤ ከባዱ አደጋ ያለው ግን ሲወርዱ ነው።

ምክንያቱን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቀቅ ሲረገጥ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ሳይቀየር የቆየና እርጥበት የገባበት የፍሬን ዘይት ሙቀቱ ሲበዛበት ይፈላል፤ በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናውን አያቆምም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ መቀነስና መኪናው በሞተሩ ኃይል ተይዞ እንዲወርድ ማድረግ ያስፈልጋል። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ ጥሩ ደንብ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ልማድ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑንና መሪውን የሚያግዘው ኃይልም አብሮ ይደክማልና።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚጓዘው መኪና ብቻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ጭነት የያዙ አህዮች አሉ፤ ማለዳ የሚሮጡ አትሌቶችም አሉ። እንጨት የተሸከመች ሴት ሸክሙ ከትከሻዋ ሰፍቶ ስለሚወጣ ከምትታሰበው በላይ ቦታ ትይዛለች፤ አንገቷን አዙራ ከኋላ የሚመጣውን ለማየትም አይመቻትም። አጠገቧ ደርሶ በድንገት ክላክስ ማስጮህ ያስደነግጣታል እንጂ አያድናትም። ከሩቅ ፍጥነት ቀንሶ፣ ራቅ ብሎ ማለፍ ነው የሚበጀው። በክረምት ጭጋግ ሲወርድና ቅጠል አስፋልቱ ላይ ሲረግፍ ጎማ ስለሚንሸራተት ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ስለ ፍጥነት አንድ ስሌት እንጨምር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ1 ሴኮንድ ብቻ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው ስልኩን ለማየት 3 ሴኮንድ ዓይኑን ከመንገድ ቢያነሣ፣ መኪናው 50 ሜትር ያህል የሚያየው ሳይኖረው ተጉዟል ማለት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት በእጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ልጅ የያዙ እናቶች

የዛሬው ባለሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶ በስዊድናዊው መሐንዲስ በኒልስ ቦህሊን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1959 በቮልቮ መኪኖች ላይ ከዋለ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል። ይሁንና ከእኛ ብዙዎቻችን ቀበቶን የምናስረው ትራፊክ ፖሊስ ስናይ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ልጅን በጭን ላይ አድርጎ ከፊት ወንበር መቀመጥ ነው። መኪናው ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም ሕፃኑ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ በሚሆን ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል፤ የትኛዋም እናት ክንዷ ቢጠነክር ልትይዘው አትችልም። ልጆች ከኋላ ወንበር፣ ለዕድሜያቸው በሚስማማ መቀመጫና ቀበቶ መቀመጥ አለባቸው። በታክሲ የሚሳፈሩ እናቶችም ልጁን በአንቀልባ እንዳዘሉ ወደ ኋላ ተደግፈው እንዳይቀመጡ ይመከራሉ፤ ልጁ በእናቱ ጀርባና በወንበሩ መካከል ይጨፈለቃልና።

ከታክሲ ሲወረድም በቆመው መኪና ፊት ብቅ ብሎ ለመሻገር መቸኮል አይገባም። ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ አያየንም፤ እኛም አናየውም። መኪናው እስኪያልፍ ጠብቆ መንገዱን ሁለቱንም ወገን አይቶ መሻገርን ለልጆች በቃል ብቻ ሳይሆን እጃቸውን ይዞ በተግባር ማስተማር ያስፈልጋል። ሾፌሩ ከመጠን በላይ ሲፈጥን «ቀስ በል» ማለትም የተሳፋሪ ሁሉ መብት ነው።

አደጋ ቢደርስ

አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተገጨ እንበል። ሰው ይሰበሰባል፤ ሾፌሩ ይደነግጣል፤ «ለማሳከሚያ» ብሎ ጥቂት ብር ሰጥቶ በስምምነት ይሄዳል። ማታ ልጁ ሕመሙ ሲጠናበት እናቲቱ የታርጋውን ቁጥር እንኳ አልያዘችም። የፖሊስ ሪፖርት የለም፤ ምስክር የለም። መኪናው መድን ቢኖረውም ካሳውን ከየት ትጠይቀዋለች? ብዙ ቤተሰብ መብቱን የሚያጣው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

በመሆኑም ቅድሚያ ለተጎጂው መስጠት ነው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። ቀጥሎ የመኪናውን ታርጋ፣ የመድን ኩባንያውን ስም፣ የሾፌሩን ስምና የምስክሮችን አድራሻ መያዝ ይገባል። ፖሊስ ሳይመዘግበው የሚደረግ የመንገድ ላይ ስምምነት ለተጎጂውም ለሾፌሩም አይበጅም፤ መድን ሰጪው ካሳ ለመክፈል የፖሊስ ሪፖርት ይጠይቃልና።

ሁለት ነገሮች በተለይ መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 799 መሠረት በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ የዚህ ሕክምና ወጪ ጣራ 2,000 ብር ነበር፤ ባሁኑ ጊዜ የሚሠራበትን መጠን ከሆስፒታሉ ወይም ከመድን ሰጪው ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ መኪና ወይም መድን በሌለው መኪና ጉዳት የደረሰበት ሰው ያለ ካሳ እንዳይቀር ሕጉ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ስለዚህ «ሾፌሩ አምልጧል» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ለፖሊስ አመልክቶ ጉዳዩን መከታተል ነው።

የጥሩ አገልግሎት ምልክቶች

ለቤተሰቡ መተዳደሪያ የሆነች ታክሲ ወይም አነስተኛ የጭነት መኪና ላላቸው ደግሞ ሌላ ምክር አለ። የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና መሰበር አይከፍልም። የራስን መኪና ለማዳን ሌላ ውል ያስፈልጋል። ይህንን ልዩነት ውል ከመፈረሙ በፊት በግልጽ የማያስረዳ ወኪል ሥራውን አልሠራም። ጥሩ ወኪል ውሉ የሚሸፍነውን ብቻ ሳይሆን የማይሸፍነውንም ይናገራል፤ ፈቃዱን ሲጠየቅ ያሳያል፤ ለተከፈለው አረቦን ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ከሁሉም በላይ አረቦን በሚቀበልበት ቀን እንደሚገኘው ሁሉ አደጋ በደረሰበት ቀንም ይገኛል። ወኪል የሚሠራው መድን ሰጪውን ወክሎ መሆኑን ደግሞ ደንበኛዋ ማወቅ አለባት፤ ስለዚህ ውሉን ራሷ አንብባ ወይም አስነብባ ትፈርም።

ደንበኛም ግዴታ አለባት። በቤት መኪናነት ያስመዘገበችውን መኪና በኪራይ ብታሠራና ብትደብቅ፣ አደጋ ሲደርስ ካሳው ሊከለከል ይችላል። የንብረቱን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብም ያው ነው። ለምሳሌ 1,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና አረቦን ለመቀነስ ሲባል በ500,000 ብር ቢመዘገብ፣ በውሉ የተመጣጣኝ ክፍያ ደንብ ካለ ለደረሰው የ100,000 ብር ጉዳት የሚከፈለው 50,000 ብር ብቻ ይሆናል። የመኪና ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር ውሉ በሚታደስበት ቀን ግምቱን አብሮ ማሳደስ ብልኅነት ነው። አረቦን ሳይከፈል ሽፋን እንደማይጀምርም መዘንጋት የለበትም።

አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንጂ ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደማይጠቅም እናቶቻችን ሲያስተምሩን ኖረዋል። እንግዲህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዷ እናት ሦስት ነገሮችን ብታደርግ መልካም ነው። 907ንና 991ን ልጆች በቃላቸው እንዲያጠኑ ማድረግ፤ መኪና ካለ ፍሬኑን፣ ጎማውንና የመድኑን ማብቂያ ቀን ማየት፤ የታርጋ ቁጥር መያዝ ምን እንደሚጠቅም ለቤተሰቡና ለጎረቤት ማስረዳት። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አደጋ በደረሰ ዕለት ግን ዋጋው ይታወቃል።