ከካዞላው የሚቀድመው ጥያቄ

አርኪዮሎጂ ለመማር የሚመዘገብ ተማሪ ልቡ ያለው ቁፋሮው ላይ ነው። የንድፈ ሐሳብ ኮርሱን ካዞላ እስኪጨብጥ ድረስ ታግሶ የሚያልፈው ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ለመስክ ሥራው ከሁሉም የሚቀርበው ይኸው ኮርስ ነው እላለሁ። ምክንያቱ በራሱ በቁፋሮው ባሕርይ ውስጥ አለ። የኬሚስትሪ ተማሪ ሙከራው ቢበላሽበት ነገ ይደግመዋል፤ አንዴ የተነሣ የአፈር ንብርብር ግን ተመልሶ አይነጠፍም። ቆፋሪው የሚያጠናውን ነገር የሚያጠናው እያጠፋው ነው። የሚተርፈው የተመዘገበው ብቻ ሲሆን፣ የሚመዘገበውን ደግሞ የሚወስነው አስቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የሚመነጨው ከንድፈ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ በመስክ ላይ ከመቆፈሩ ይልቅ መለካቱና መጻፉ ይበዛል። ቦታው በገመድ ካሬ በካሬ ይከፈላል፤ አፈሩ በቀለሙና በጥንካሬው እየተለየ ንብርብር በንብርብር ይነሣል፤ የተነሣውም በወንፊት ይነፋል፤ እያንዳንዱ ገል ከየትኛው ካሬና ንብርብር እንደወጣ ይጻፍለታል። እነ አርኪዮሎጂስቱ ስለሺ ሰማው በአፋር ጎና ያጠኗቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናቸው የታወቀው ድንጋዮቹ ተመርምረው አይደለም። ድንጋይን መመርመር ዓለቱ መቼ እንደተፈጠረ ቢነግር እንጂ ሰው መቼ እንደጠረበው አይነግርም። የተለካው የንብርብሮቹ የእሳተ ገሞራ አመድና በደለሉ ውስጥ የቀረው የመግነጢስ አቅጣጫ ነው። መሣሪያዎቹ ከቦታቸው ተለቅመው ቢሄዱ ኖሮ ዕድሜያቸውም አብሮ በጠፋ ነበር።

የጥያቄውን ክብደት ደግሞ አክሱም ታሳያለች። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒን የመሳሰሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊቃውንት የአካባቢውን ሥልጣኔ ከደቡብ ዐረቢያ የመጡ ሰፋሪዎች እንደተከሉት ያምኑ ነበር። ያለ ማስረጃ አልነበረም፤ የደቡብ ዐረቢያ አሻራ ያለባቸው የየሓ ቤተ መቅደስና የሳባ ጽሕፈት ዛሬም ይታያሉ። ነገር ግን መቅደስና ጽሑፍ የገዢዎችና የካህናት አሻራ ናቸው። አርኪዮሎጂስቶቹ ሮዶልፎ ፋቶቪችና ካትሪን ባርድ በ1993 እ.ኤ.አ. በአክሱም አጠገብ በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ የጀመሩት ቁፋሮ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ አገር በቀል ማኅበረሰብ አሳየ። በእነዚያው ዓመታት ዴቪድ ፊሊፕሰን በአክሱም በመሩት ቁፋሮ አፈሩ በውኃ እየታጠበ የከሰሉ ዘሮች ሲለዩ፣ ከስንዴና ከገብስ ጋር ጤፍም ወጣ። ጤፍ በተራ ወንፊት ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል፤ ገበሬው ምን ይበላ ነበር ብሎ ያልጠየቀ ቆፋሪ ከቶ አያገኘውም።

ንድፈ ሐሳብ የሚፈልጉትን ብቻ ያሳያል የሚል ስጋት አለ፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ንድፈ ሐሳብ የለኝም የሚል ሰው ሳያውቀው የወረሰው አለ፤ በስም የተጠራው ሊፈተን ይችላል፣ ያልተጠራው ግን ሳይጠየቅ ይኖራል። ከቦታው ከፊሉን ሳይቆፍሩ ለመጪው ትውልድ መተውም የዛሬው ጥያቄ የመጨረሻው እንዳልሆነ ማመን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ንድፈ ሐሳቡ የምዕራባውያን ነው የሚል ነው። የተጻፈው በአብዛኛው እዚያ ነው፤ የሚታረመው ግን እዚህም ነው። የጥንት የድንጋይ መሣሪያ ሠሪ ወንድ ነው የሚለው ግምት በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ እንደ እውነት ሲታይ ቆይቷል። ተመራማሪዎች ኮንሶ ሲደርሱ ግን ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁትን ባለሙያዎች አገኙ፤ ሴቶች ነበሩ።