ቀዳዳው ገባ ማለት ቸርኬው ገጠመ ማለት አይደለም

የጭነት መኪናችሁ ቸርኬ ተሰነጠቀ እንበል። አዲሱ ውድ ነው፤ የራሱ ፋብሪካ ዕቃ ደግሞ ገበያ ላይ ጠፍቷል። ሶማሌ ተራ ብትወርዱ ግን ከሌላ ፋብሪካ መኪና የወጣ፣ ቀለም ተቀብቶ ያማረ ያገለገለ ቸርኬ በደህና ዋጋ ታገኛላችሁ። ሻጩ «ባለ 10 ቀዳዳ ነው፣ ቁጭ ይላል» ይላችኋል። ተሞከረ፣ ቁጭ አለ፤ ዳዶዎቹም ታሰሩ። ታዲያ ገጥሟል ማለት ነው?

ገና አልታወቀም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ጥያቄ እናስቀድም።

ጎማውን መኪናው ላይ የያዘው ምንድን ነው?

ልብስ ሚስማር ላይ እንደሚሰቀለው ሁሉ ቸርኬውም ቡሎኖቹ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። የቡሎኑ ሥራ ቸርኬውን ከሞዞው፣ ማለትም ቡሎኖቹ ከተተከሉበትና በኩሽኔታው ላይ ከሚዞረው ብረት ጋር አጥብቆ መጨመቅ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። አምስት ስድስት መጽሐፍ ደርድራችሁ በሁለት መዳፋችሁ ጨምቃችሁ ብታነሱ ከሥር የሚደግፋቸው ነገር የለም። የያዛቸው ጭመቃው ነው። እጃችሁን ትንሽ ላላ ስታደርጉ የመሃሎቹ ይንሸራተታሉ።

በቁጥር እንየው። በከባድ መኪና ላይ የተለመደው 22 ሚሊሜትር ቡሎን ብዙ ጊዜ በ600 ኒውተን ሜትር ገደማ ይታሰራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል የሚፈጥረው ጉልበት ማለት ነው። ከዚህ ጉልበት አብዛኛው በጥርሱና በዳዶው መቀመጫ ላይ ባለው ሰበቃ ይባክናል። እንደዚያም ሆኖ አንዱ ቡሎን 13 ቶን ገደማ በሚሆን ኃይል ይጨምቃል፤ አሥሩ ሲደመሩ 130 ቶን። የሁለቱ ብረቶች ሰበቃ ከዚህ 15 በመቶውን ብቻ ቢሰጠን 20 ቶን የሚጠጋ መያዣ አለን። የኋላው አክስል 10 ቶን ቢሸከም የአንዱ ወገን ድርሻ 5 ቶን ነውና፣ ለጉድጓዱም ለፍሬኑም የሚተርፍ ነው።

ጭመቃው ሲቀንስ ግን ቸርኬው በየዙሩ በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ቡሎኑ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፤ ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ በአንድ ኪሎሜትር 300 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቀሪውን እናንተው አስሉት።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ቸርኬው ገባ ወይ?» ሳይሆን «ጭመቃውን ይዞ ይቆያል ወይ?» የሚል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ምን ትለካላችሁ?

የመጀመሪያው የቀዳዳዎቹ ክብ ነው። ቀዳዳ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። በብዙ የጃፓን ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 6ቱ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 222.25 ሚሊሜትር ነው። ባለ 6 ቀዳዳ የአውሮፓ ቸርኬ ግን 205 ሚሊሜትር የሆነ አለ። በባለ 10 ቀዳዳዎቹም የአውሮፓ ከባድ መኪናዎች 335፣ የአሜሪካዎቹ ደግሞ 285.75 ሚሊሜትር ናቸው። ለመለካት ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ተነስታችሁ በትይዩ እስካለው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ድረስ ሜትር ዘርጉ። ልኩ ካልሆነ ቀዳዳውን በግራይንደር ወይም በእሳት ማስፋት መፍትሔ አይደለም። ዳዶው የሚጫንበት ብረት ያንሳል፤ ስንጥቅም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ሁለተኛው የመሃሉ ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ ቸርኬ መሃሉን የሚይዘው በሞዞው አፍንጫ ላይ ልክክ ብሎ በመቀመጥ ነው። አሁን ያሉት የአውሮፓ ባለ 335 ቸርኬዎች የመሃል ቀዳዳ 281 ሚሊሜትር ሲሆን በሞዞው ላይ የሚቀረው ክፍተት ከሚሊሜትር በታች ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ መሃሉን የሚያገኘው በዳዶዎቹ ቅርጽ ነው። ችግሩ ሁለቱ ዓይነቶች ተመሳሳይ የቀዳዳ ብዛትና ክብ ሊኖራቸው መቻሉ ነው። ስለዚህ ሲያዩት ይገባል፣ ይታሰራልም፤ ግን ከመሃል ፈንጠር ብሎ ይዞራል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ የዳዶው መቀመጫ ነው። ሦስት ዓይነት አለ፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ እንዝርት ጫፍ የሾጠጠ፣ እና እንደ ኳስ የተጠጋጋ። ጠፍጣፋ ዳዶ በተጠጋጋ ቀዳዳ ላይ ሲታሰር የሚነካው የቀዳዳውን ጠርዝ ብቻ ነው። 13 ቶኑ በሙሉ በዚያች ቀጭን ጠርዝ ላይ ያርፋል። ጠርዟ ትደቅቃለች፣ ቡሎኑም ይላላል። እናንተ ስታስሩት ግን የጠበቀ ነበር! የቆየው የጃፓን አሠራር የተጠጋጋ ዳዶ የሚጠቀም ሲሆን ከኋላ የውስጠኛውንና የውጭውን ጎማ በየራሱ ዳዶ ያስራል፤ በግራ ወገን ያለው ጥርስም ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው። የአውሮፓው ጠፍጣፋ ዳዶ ጥንዱን አንድ ላይ ያስራል፣ በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ይጠብቃል። እነዚህን መቀላቀል አይቻልም።

አራተኛው የቸርኬው ወደ ውስጥ የመግባት መጠን ነው። ይህ ከተለየ በኋላ ጥንድ ጎማዎች መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። ባዶ መኪና ላይ የማይነካኩ ጎማዎች ጭነት ሲወርድባቸው ሆዳቸው ይገናኛል፤ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ እሳት እስከ ማስነሳትም ይደርሳሉ። ክፍተቱን መኪናው ተጭኖ ሳለ እዩት።

ባለ ቀለበት ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ ከቸርኬው ጋር አብሮ የተሠራው መሆን አለበት። የሌላ ፋብሪካ ቀለበት የያዘ ቢመስልም አየር ሲሞላ ሊወረወር ይችላል። በዚህ ጎሚስታዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ።

ያማረው ቀለም

አሁን ወደዚያ ወደተቀባው ቸርኬ እንመለስ። ቡሎን ሲታሰር እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ ይለጠጣል፤ ጭመቃው የሚመጣው ከዚህ መለጠጥ ነው። የሚለጠጠው ግን በጣም ትንሽ፣ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ወፍራም ቀለም በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ይህን ያህል ውፍረት ሊኖረው ይችላል። ጥንድ ጎማ ላይ ደግሞ አራት የቸርኬ ገጾች አሉ። መኪናው ሲሄድ ቀለሙ ይደቅቃል፣ ይሳሳል፤ ቡሎኑም የተለጠጠውን ያህል ይመለሳል። ዳዶው አንድ ዙር እንኳ ሳይፈታ ጭመቃው ጠፋ ማለት ነው። የዝገት ቅርፊትም እንዲሁ ያደርጋል።

ስለዚህ ቸርኬው ከሞዞው፣ ከሌላው ቸርኬና ከዳዶው ጋር የሚገናኝበትን ገጽ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ ወፍራሙን ቀለም አንሱ፣ ግሪስም አትቀቡ። ዳዶዎቹን በትይዩ እያፈራረቃችሁ እሰሩ፤ መጨረሻውን መኪናው በሚፈልገው ልክ በቶርክ መፍቻ ጨርሱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ። ከዳዶው ሥር ጀምሮ ወደ ውጭ የተዘረጋ የዝገት መስመር ካያችሁ ቸርኬው እየተንቀሳቀሰ ነው፤ አትንዱት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎሜትር ሲሄድ ቢወልቅ፣ ከ14 ሜትር ከፍታ የወደቀን ያህል ጉልበት ይዞ ወደ እግረኛው መንገድ ይከንፋል። ሹፌሩ ላይሰማው ይችላል። የሚያገኘው መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ነው።

ገበያ ስትሄዱ የድሮውን ቸርኬና አንድ ዳዶ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን ቸርኬዎች ጎን ለጎን አስተኙና ክቡን፣ የመሃሉን ቀዳዳ፣ የዳዶውን መቀመጫና ጥልቀቱን አስተያዩ። አንዱ እንኳ ከተለየ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ እዚያው ተዉት።